ኮላ የነካው ንድፍ

በኻርቱም ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፣ አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አድማሱ ላይ ቡናማ ግድግዳ ይቆማል። ሀቡብ ነው። ራቅ ብሎ ከጣለ ነጎድጓዳማ ዝናብ ጋር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲደርስ ወደ ጎን ይፈስና ደረቁን አፈር እየጠረገ ብዙ መቶ ሜትር ወደ ሰማይ ያነሳዋል። የከተማው ሰው ገና ከሩቅ ሲያየው መስኮት ይዘጋል፣ ከሖሹ (ከግቢው) የተሰጣ ልብስ ይሰበስባል፣ ዐንገሬቡን (የገመድ አልጋውን) ወደ ውስጥ ይጎትታል። ቀትሩ እንደ ምሽት ይጨልማል። ካለፈ በኋላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ እንኳ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ ንድፍ ተዘርግቶ ከነበረ አቧራው እርሱም ላይ አርፏል። ንድፉን በእጅ ሲጠርጉት አሸዋው የእርሳሱን መስመር ይፍቀዋል፤ ሳይጠርጉት ቢቀር ደግሞ ኮላ በተቀባ እንጨት ላይ ይረግፍና መጋጠሚያውን ያደክማል።

በገዛ ቤቱ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ጉዳይ ለኛ አካባቢ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። በሌላው ዓለም ግን ጋራዥ ውስጥ የሚወለድ አውሮፕላን እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፖል ፖበሬዝኒ በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚልዋኪ ላይ ያቋቋመው የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ዛሬ በየዓመቱ ኦሽኮሽ በተባለች ከተማ ትልቅ የአየር ትርኢት ያሰናዳል። የዚያ አገር ሕግ አብዛኛውን ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ራሱ የሠራ ሰው ለአውሮፕላኑ የሙከራ ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። በርናርድ ፒተንፖል የተባለ የሚኒሶታ ሰው ደግሞ በ1929 የፎርድ መኪና ሞተር የገጠመላትን ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን አበረረ፤ ንድፏን ገዝቶ የሚሠራት ሰው ዛሬም አልጠፋም። ሠሪው ንድፍ ይገዛል፣ እንጨትና ብረት ይፈልጋል፣ ከዚያ ዓመታት ይቆጥራል።

እኛም ዘንድ ታሪክ አለው። በ1935 በአዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበር፣ በኦስትሪያዊው ኤሪክ ማይንድል ንድፍ ላይ ተመሥርቶ «ኢትዮጵያ 1» የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠራ። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ቫልተር ቬኑስ ነበር። በልዕልት ፀሐይ ስም ተጠርታ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተጠናቀቀች። ብዙ ወራት ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባና አውሮፕላኗን ወሰዳት፤ ከሮም በስተሰሜን ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለዓመታት ቆማ ኖረች። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር 2024 መጨረሻ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የርክክቡን ፎቶ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የፊቱ ምዕራፍ ነው። አውሮፕላኗ ገና ሳትኖር፣ አስቀድሞ የነበረው ንድፍ ነው።

ከዚያ 80 ዓመት በኋላ አስመላሽ ዘፈሩ ብቅ አለ። በ2015 ስሙ ከአዲስ አበባ እስከ ውጭ ጣቢያዎች የተነሳው ይህ ወጣት፣ አብራሪ ለመሆን ፈልጎ በቁመቱ ምክንያት ያልተቀበሉት ሰው ነበር። በመጽሐፍና በዩቲዩብ ተምሮ፣ የ40 ፈረስ ጉልበት የቮልስዋገን ቢትል ሞተር ገጥሞ «ኬ-570ኤ» የተባለችውን አውሮፕላን ሠራ። ስሟ ውስጥ ያለው ቁጥር ሥራው የወሰደበት ቀን ብዛት ነው። የመጀመሪያው የማብረር ሙከራ አልተሳካም፤ ያም ሆኖ ነገሩ ብዙ ወጣት አነሳስቷል። ከእርሱ ጉዳይ የምወስደው አንድ ነገር አለ። የተገዛ ንድፍ ቢጠፋ ከነዳፊው ሌላ ሊጠየቅ ይችላል። ራስህ የነደፍከው ግን ዋናውም ቅጂውም በአንተ እጅ ነው፤ ከጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ሱዳን ውስጥ አውሮፕላን መገጣጠም ከመንግሥት ጋር የተቆራኘ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ከኦምዱርማን ሰሜን ዋዲ ሰይድና የሚገኘው የሳፋት አቪዬሽን ተቋም በ2009 «ሳፋት 03» የተባለችውን የማሠልጠኛ አውሮፕላን ለሕዝብ አሳይቷል፤ መሠረቷ የዩጎዝላቪያው ኡትቫ 75 ነው። እንደዚያ ያለ ተቋም የንድፍ ክፍል፣ መዝገብ ቤትና ዘበኛ አለው። በግሉ ለሚሠራው ሰው ይህ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ስልክ ነው። ይህ ጽሑፍ ለርሱ ነው። ለተጨባጭ ምሳሌነትም ኻርቱምን ያህል ወረቀትን የሚፈትን ከተማ በቅርባችን የለም።

ስለ ወረቀት እንዲህ መጨነቅ ተገቢ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ፈረንሳዊው ሄንሪ ሚኜ የጻፈውን መጽሐፍ እናንሳ። ሚኜ በ1930ዎቹ መጀመሪያ «የሰማይ ቅማል» በሚል ቅጽል የታወቀች፣ ሁለት ክንፍ ከፊትና ከኋላ የተቀራረበላት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፤ አሠራሯን ከነንድፉ በ1934 አሳተመ። ሚስማር መምታት የሚችል ሰው ሁሉ አውሮፕላን ይሠራል የሚል መንፈስ ነበረው፤ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ብዙ ሰው ተከትሎት ሠራ። ከዚያ የሞት አደጋ ተደጋገመ። በ1936 እንግሊዞች ፋርንቦሮ ላይ፣ ፈረንሳዮች ደግሞ ሻሌ-ሙዶን ላይ ሙሉ መጠኗን በነፋስ ዋሻ ውስጥ ሲፈትኑ፣ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ታች ከደፋች በኋላ ሁለቱ ክንፎች እርስ በርስ እየተጋፉ ቀና እንዳትል ያደርጓት እንደነበር ታወቀ። ሚኜ ንድፉን አረመ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ግን ቀድሞ በብዙ ሠሪዎች እጅ ገብቶ ነበር። የቱ ወረቀት የትኛው እትም እንደሆነ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ትውልድ ቅርብ ነው። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር በጥቅምት 12 ቀን 1997 ካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ባሕር ላይ ወድቆ የሞተው በቅርቡ በገዛት፣ ሌላ ሰው በቤቱ በሠራት «ሎንግ-ኢዚ» አውሮፕላን ነው። ነዳፊው በርት ሩታን የነዳጅ ታንክ መቀየሪያውን እጀታ በአብራሪው እግሮች መካከል ነበር ያደረገው። ሠሪው ግን ከአብራሪው ግራ ትከሻ ኋላ ወስዶ ገጠመው። በአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ መሠረት ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መካከል የእጀታው ቦታ እንዲሁም በእጀታውና በነዳጅ መለኪያው ላይ ተገቢ ምልክት አለመኖሩ ይገኙበታል። ከንድፉ የወጣ ሠሪ ለውጡን ቀጥሎ ለሚያበረው ሰው በጽሑፍ መተው አለበት። ሩታን ራሱ ንድፍ ለገዙ ሰዎች «ካናርድ ፑሸር» የተባለ በራሪ መጽሔት እየላከ የንድፍ ማስተካከያዎችን ያሳውቅ ነበር፤ ሠሪው ያንን እያየ ገጹ ላይ ማስፈር ይጠበቅበት ነበር። ንድፍ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም ማለት ነው፤ ነዳፊው በሚልከው እርማትና ሠሪው በሚያክልበት ማስታወሻ እያደገ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ።

የእንጨት ክንፍ ጎድን የሚሠራው እንዲህ ነው። ሙሉ መጠኑ የተሣለው ንድፍ ቀጥ ባለ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል። መስመሩን ተከትለው ትናንሽ የእንጨት ኩርማኖች በሚስማር ይመታሉ፤ ይህ ፎርማው ነው። ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች በኩርማኖቹ መካከል ይሰካሉ፤ የአፍንጫው ዘንግ በእንፋሎት ወይም በውኃ ለስልሶ ይታጠፋል። መጋጠሚያው ላይ ኮላ ተቀብቶ፣ ከስስ ኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን መጠገኛ ይለጠፍበታል። ኮላው እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ ጎድኑ ወጥቶ ሌላው ይገባል፤ ለአንድ ክንፍ ከአሥር በላይ ጎድን ከዚያው ፎርማ ይወጣል።

አሁን ስህተቱ የት እንዳለ እንይ። ኮላው ከመጋጠሚያው አምልጦ ንድፉ ላይ ይንጠባጠባል። ከወረቀቱና ከዘንጉ መካከል ስስ ፕላስቲክ ወይም ሰም የተቀባ ወረቀት ካልተደረገ ጎድኑ ሲነሳ ወረቀቱን ገንጥሎ ይዞ ይነሳል። የሚቀደደውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ኮላ በበዛበት፣ ማለትም መስመሩ ትክክል መሆን ባለበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ቀጣዩ ጎድን በተቀደደው ወረቀት ላይ ሲሠራ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይስታል፤ ክንፉ ሲሸፈን ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ በአየር ላይ ደግሞ ይሰማል።

ስለዚህ በወርክሾፑ የሚኖረው ወረቀት መሥዋዕት መሆኑ መታወቅ አለበት። ዋናው ንድፍ ወርክሾፕ አይገባም። ከርሱ የሥራ ቅጂ ይነሳል፤ ኮላ ቢነካው፣ ትራፓኖ ቢበሳው፣ ሻይ ቢፈስበት ያንን መጣል ነው። ቅጂው ላይ በቀይ ቀለም «የሥራ ቅጂ» ተብሎ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፍበታል። እርማት ሲመጣ አሮጌው ገጽ በቀይ መስመር ተሰርዞ ከግድግዳ ይወርዳል። ይህኛው ግን እንደተበላሸው ቅጂ አይጣልም፤ በየትኛው ገጽ ምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ይችላልና።

ፎቶ ኮፒ ግን ይዋሻል። ማሽኑ ወረቀቱን ሲጎትት ርዝመቱን በጥቂቱ ሊለጥጥ፣ ስፋቱን እንዳለ ሊተወው ይችላል። ከሺህ ሁለት እጅ ብቻ ቢስት በ1.5 ሜትር የክንፍ ጎድን ላይ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩ ንድፍ ጥግ ላይ የልኬት መስመር ይዞ ይመጣል፤ ቅጂው ሲወጣ ያንን በብረት ማስመሪያ በሁለቱም አቅጣጫ መለካት ይገባል፤ ከተሳተ ያ ቅጂ የሚጠቅመው ለማንበብ እንጂ ለመቁረጥ አይደለም። ለፎርማ የሚሆነውን ሙሉ መጠን ንድፍ በአየር ጠባይ በማይለጠጥ ግልጽ ፖሊስተር ወረቀት ላይ ማሳተሙ ይሻላል። ዋጋው ይከብዳል፤ ለዚያ አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ግን አልቆጭበትም። ላሚኔት ማድረግን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ማሽኑ በሙቀት ስለሚለብጠው ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል፣ በላዩም በእርሳስ መጻፍ አይቻልም። ለሚነበብ ገጽ ይሁን፤ ለሚለካ ገጽ አይሁን።

የኻርቱም አየር ይህን ሁሉ ያባብሰዋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይሻገራል፣ አየሩ ይደርቃል፤ ወረቀት ይሸበሸባል፣ የታጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ያው ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ይለጠጣል። ግንቦት ላይ የለካኸውን ነሐሴ ላይ ብትለካው ልዩነት ብታገኝ አትደነቅ። በአሞኒያ የታተሙ ባለ ሰማያዊ መስመር አሮጌ ቅጂዎች ደግሞ ፀሐይ ካገኛቸው ይደበዝዛሉ፤ በሖሽ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጥላ ሊያበጅላቸው ይገባል።

ሱዳኖች አርዳ የሚሉት ምስጥም አለ። ከመሬት በአፈር ዋሻ ወደ ግድግዳው እየወጣ ካርቶን፣ እንጨትና ወረቀት ይበላል፤ ባለቤቱ የሚያየው ሲያልቅ ነው። መጽሐፍ ግድግዳ ተጠግቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ እርሱን መጋበዝ ነው። ንድፍ ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ጫፉ በሚዘጋ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ይግባ። ቧንቧው በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የዚያ ቁም ሣጥን እግር ዘይት ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ቢቆም አልከፋም። እግሩን ዘይት ውስጥ የነከረ ቁም ሣጥን ሲያዩ ጎረቤቶች መሳቃቸው አይቀርም። ይሳቁ።

ሁሉንም ያሳነሰው ግን ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ነው። ያን ቀን በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ በኻርቱም ተጀመረ፤ አየር ማረፊያው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የጦር ሜዳ ሆነና ቆመው የነበሩ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ተቃጠሉ። ቤቶች ተዘረፉ፤ በባሕሪ (በሰሜን ኻርቱም) የነበሩ ፋብሪካዎችና ወርክሾፖች ባዶ ቀሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኦምዱርማን ውስጥ የአህሊያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ኦመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ተቃጠለ፤ ብሔራዊ ሙዚየሙም ተዘርፏል። ጦሩ ቤተ መንግሥቱንና አየር ማረፊያውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነበር። በጋራዥና በሻይ ቤት ይሠሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጋላባት መተማ ድንበር ወጥተው ተመልሰዋል። የተመለሰ ሰው የሚያመጣው አንድ ሻንጣ ነው፤ ክንፍ በሻንጣ አይገባም፤ ቧንቧ ውስጥ ያለ ንድፍ ግን በትከሻ ይወጣል።

ኻርቱም ይህን ዓይነት የወረቀት ጉዞ ከዚህ በፊትም አይታለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በ1940 ክረምት ኻርቱም ገብተው ሳሉ፣ ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላናቸው በጣሊያኖች እጅ ነበረች። በዚያው ጊዜ በጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር መሪነት «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ በኻርቱም እየታተመ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ወደ ኢትዮጵያ ይጣል ነበር። ንጉሡ በጥር 1941 በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ሲገቡ፣ ያ ወረቀት ከእርሳቸው ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ንድፉም እንዲሁ ከባለቤቱ ቀድሞ እንዲወጣ ከተፈለገ መፍትሔው ስካን ነው። በስልክ ፎቶ ማንሳት ከምንም ይሻላል፤ ካሜራው ግን ጠርዙን ያጣምማል፣ ዋትሳፕ ደግሞ ምስሉን አሳንሶ ይልካል፤ ከዚያ ምንም ልክ አይወጣም። በትልቅ ስካነር ወይም በፕሎተር ቤት ገጹን በሙሉ መጠን ማስነሳት ነው። ፋይሉ በኢንተርኔት ማከማቻ ብቻ አይቀመጥ፤ በየካቲት 2024 ሱዳን ውስጥ የስልክና የኢንተርኔት መስመር በአብዛኛው ሲቋረጥ፣ በደመና ያለ ሰነድ በኢንተርኔት ማዶ የታሰረ ነበር። አንድ ፍላሽ ከቤት፣ ሌላው ከከተማ ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ። የሦስቱም ቅጂዎች (የኢንተርኔቱና የሁለቱ ፍላሾች) ስም አንድ ይሁን፤ የእትሙ ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ፤ የተሰረዘ እትም ከአዲሱ ጋር አንድ ማህደር ውስጥ አይቀመጥ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ቀርተውኛል። ድሮን በሚያንዣብብበት ጦርነት ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል፤ የክንፍና የሞተር ንድፍ የተሞላ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ለማስረዳት አጭር ጊዜ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ባለ ቀን ፋይሉ ከስልክ ወጥቶ በሌላ ሰው ዘንድ ቢቆይ ይሻላል። ሌላው፣ የተገዛ ንድፍ የነዳፊው ንብረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ያለውና ለአንድ አውሮፕላን ብቻ የተፈቀደ ነው። ራስን ለማዳን ቅጂ ማስቀመጥና በቴሌግራም ቻናል ማሰራጨት አይቀላቀሉም፤ ንድፉን ያለ ፈቃድ ያገኘ ሰው እርማት የሚላክለት ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም፤ ያረጀውንና አደገኛውን እትም ይዞ ይቀራል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ፣ ኻርቱም ተመልሳችሁ፣ ወይም ባሕር ዳር በአንድ ሼድ ውስጥ የእንጨት ክንፍ እየገጣጠማችሁ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ ሁለት ነገር አድርጉ። ከግድግዳው ላይ ያለውን ገጽ እትም ከነዳፊው የመጨረሻ እርማት ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሙሉውን ንድፍ አስነስታችሁ አንዱን ፍላሽ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ከተማ ላኩ።